የጋሽ ፊደል ዳሊያዎች

ባሏ ከእህቱ ጋር በስልክ ሲያወራ የሰማችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና ነው። እሁድ ጠዋት ነው፤ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገጥሞ መዘጋት ከተወ ቆይቷል፤ ሳሎን የሚወራው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። «ራሱ ቆፍሮ አውጥቷቸው የት እንዳደረጋቸው አያውቅም እኮ ነው የምልሽ» ይላል ባሏ። «ሌላ ነገር ቢሆን እሺ ይሁን። የሚስቱን አበባ የረሳ ሰው፣ ነገ ጋዝ ከፍቶ እንደማይተኛ በምን አውቃለሁ? የአረጋውያን ቤቱ ቦታ አለን ብሏል። ከምሳ በኋላ ነይና አብረን እንንገረው፤ ብቻዬን አልችልም።» ከዚያ እህቱን ሲያዳምጥ ቆየ። «እሷማ ምን ትላለች» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ከሁላችንም በላይ የተጨነቀችው እሷ ናት።»

«እሷ» የተባለችው ይህን ሁሉ የምትሰማው ሚስቱ ናት። የሚቀጥለውን ላለመስማት ቧንቧውን ከፍታ ውሃው እንዲሁ እንዲወርድ ተወችው። ፊቷን ታጠበች፤ አደረቀች፤ ደግማ ታጠበች። ባሏ ስልኩን ዘግቶ «ውሃው ያልቃል እኮ» እስኪላት ድረስ እዚያው ቆመች።

የሚወራላቸው ሰው የባሏ አጎት ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ፊደል ይላቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው የማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ። እስካሁን ጋዜጣ ገልብጠው ሲያነቡ ማየት የልጆች መዝናኛ ነው። እሳቸውና ሚስታቸው የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ባሏንና እህቱን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸው እነሱ ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱ የኪራይ ቤታቸውን ለቀው ባልና ሚስቱ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ገቡ። ይዘውት የመጡት ዕቃ አንድ ታክሲ የማይሞላ ነው፤ ሻንጣ፣ ራዲዮ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጆንያ የዳሊያ ሥር። ዳሊያውን መጀመሪያ የተከሉት ሚስታቸው ነበሩ። ጋሽ ፊደል ከግንቡ ሥር መሬቱን ኮትኩተው፣ ዙሪያውን ጡብ ደርድረው መደብ አወጡለት። በየዓመቱ ብርዱ ለቆ ጸደይ ሲገባ ሥሩን ያወጡና በቢላ ይከፋፍሉታል፤ የሚተክሉትን ተክለው የተረፈውን ለጎረቤት ያድላሉ። ሙቀቱ ሲመጣ የሳህን ያህል ሰፊ፣ ጥቁር ቀይ አበባ ያወጣል። በብርዱ ወራት ግን ከደረቀ አገዳ በቀር ከመሬት በላይ ምንም አይታይም።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ፊደል ጥርሳቸውን ሊታዩ ሄደው ነበር። እሷ የምትሠራው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ነው፤ ዓርብ ዕለት ርዕሰ መምህሩ በሰው ፊት ተቆጥቷት ሌሊቱን ሙሉ በልቧ መልስ ስትሰጠው ነው ያደረችው። በዚያ ላይ ያች ዳሊያው ያለባት የግቢ ጥግ ዓይኗን መውጋት ከጀመረች ሰንብታለች። የሥራ ጓደኛዋ ቤት እንዲህ ያለው ጥግ ላይ ሸክላ ተነጥፎ፣ ጠረጴዛና ወንበር ተደርጎ አይታለች። አንድ ጊዜ ለጋሽ ፊደል ነገሩን በዘወርዋራ አንስታላቸው ፈገግ ብለው አልፈዋታል። ያን ቅዳሜ መኮትኮቻውን ስታነሳ «ደረቁን ላጽዳላቸው» ነበር ያለችው ለራሷ። አገዳውን ቆረጠች። ከዚያ ቆፈረች። ሥሮቹ እንደ ሰነበተ ስኳር ድንች ተጨማድደው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ወጡ። አንዱን በጥፍሯ ስትጭረው ውስጡ ነጭና እርጥብ ነበር። አየችው። እያየችው ከረጢት ውስጥ ጨመረችው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ከበር ላይ ሲያፏጩ አገዳውንም ሥሩንም ጋሪያቸው ላይ ጫነችላቸው።

ጋሽ ፊደል ሲመለሱ ባዶው መደብ አጠገብ ብዙ ቆሙ። ኩሽና መጥተው «ማን ነካው?» ሲሏት ሳህን እያጠበች ነበር። «እርስዎ ራስዎ አውጥተዋቸው ይሆናል እንጂ፤ ሰሞኑን ላካፍላቸው ነው ሲሉ አልነበር?» አለች። ከአፏ ያመለጠ ነገር ነው። ቢቆጧት ኖሮ እዚያው ትናገር ነበር፤ ቢያንስ እሷ እንዲህ ታስባለች። ግን አልተቆጡም። ግንባራቸውን አሻሹ። «ልክ ነሽ» አሉ፤ «ሊሆን ይችላል።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ሳምንት የአንድ ሰው አእምሮ በገዛ ራሱ ላይ ከሳሽ ሆኖ ሲቆም የታየበት ነው። ጋሽ ፊደል አልጋቸው ሥር ፈለጉ። ሻንጣቸውን ገለበጡ። የውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ጣራ ሥር፣ የውሻው አሮጌ ቤት ውስጥ ሳይቀር ፈለጉ። አንድ ቀን በመስኮት ስታያቸው ጫማቸውን ገልብጠው ሶሉ ላይ የደረቀ አፈር እንዳለ በጣታቸው ይፈትሻሉ፤ መቆፈር አለመቆፈራቸውን ከጫማቸው ሊያጣሩ። የክፍላቸውን ቁልፍ በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ባሏ ይህን ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ያያል። መኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስሕተት በፍሬን ሲያስቆም ስለሚውል ማታ ማታ ለማንም ትዕግሥት አይተርፈውም።

የስልኩን ወሬ በሰማችበት በዚያ እሁድ ቁርስ ላይ ጋሽ ፊደል ኮታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መጡ። ዳቦና ሻይ ቀርቧል። «ትናንት ማታ ምድጃውን አጥፍቻለሁ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አጥፍተዋል ጋሼ።»

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ባሏ ከሻዩ ቀና ብሎ አያት፤ ምን አልኩሽ የሚል አስተያየት ነው። እሷ ዳቦው ላይ ማር መቀባት ያዘች። ጋሽ ፊደል ስለ ቲማቲም መወደድ አነሱ፤ በራዲዮ ሰምተዋል። ባሏ «እህ» አለ። «ጥርሴን ተሽሎኛል» አሉ። ባሏ አሁንም «እህ» አለ። ከዚያ የሚሰማው ማንኪያ ብቻ ሆነ። በሌላ ጊዜ ይህ ጠረጴዛ ሳቅ የሚበዛበት ነበር፤ ሽማግሌው በማተሚያ ቤት ዘመናቸው አንድ ፊደል ተገልብጦባቸው የሙሽራ ስም እንዴት ስድብ እንደሆነ አንድ መቶ ጊዜ ቢያወሩት አንድ መቶ ጊዜ ይሳቃል። አሁን ግን ቀልዱን ከጀመሩ በኋላ «ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ» ብለው ይተዉታል።

«ሽንኩርት አልቋል» ብላ ተነሳች። ሽንኩርት አላለቀም። ከግቢ ወጥታ ሁለት ቤት አለፍ አለችና የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ አንደበተ ርቱዕ ሴት ናት፤ በሳምንት ስድስት ቀን ሰው ትለካለች፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከአፈር ጋር ትውላለች። ያገኘቻት ጓሮዋ ተንበርክካ ነው። የብርዱ ወራት ያደረቀውን ቅጠል ከመደቡ ለቅማ አንድ ጥግ ከምራለች፤ አፈሩን ፈልፍላ ፍግ ቀላቅላበታለች። ከጎኗ ጋዜጣ ላይ የዳሊያ ሥሮች ተዘርግተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የሰጧት ጋሽ ፊደል ናቸው።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፤ እጄን አልሰጥሽም፣ እንዲህ ሆኗል» አለች ልብስ ሰፊዋ ጭቃ የሞላ እጇን እያሳየች። ቢላዋውን በአልኮል ጠርጋ አንዱን ትልቅ ሥር ከመሐል ሰነጠቀችው። «ይኸውልሽ፣ ዝም ብሎ መቁረጥ አይደለም። አንገቱ ላይ ይችን ነጥብ የመሰለች፣ ቡቃያ የሚወጣባትን ዓይን ካልያዘ ምንም ቢወፍር በስብሶ ይቀራል። ያስተማሩኝ ሽማግሌው ናቸው።» የተቆረጠበትን አመድ ነሰነሰችበት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ሆነዋል ግን?» አለች። «ሐሙስ መጥተው ነበር። 'ሥሮቹን አንቺ ጋ አስቀምጬ ይሆን?' አሉኝ። የለም ስላቸው፣ 'እርግጠኛ ነሽ? ሰጥቼሽ ረስቼው እንዳይሆን' አሉ። እዚችው ደረጃ ላይ ተቀምጠው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ሲያብሱ ቆዩ። አለቀሱ አልልሽም። ግን አንጀቴን በሉት።»

እሷ የጋዜጣውን ጫፍ ስታጣጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። አሁን ብትናገር ልብስ ሰፊዋ እስከ ማታ ለሰፈሩ ታዳርሰዋለች ብላ አሰበች፤ ይህን ሰበብ ስላገኘችም ደስ አላት። በደስታዋ ደግሞ አፈረች። «ትንሽ ታካፍይኛለሽ?» አለች። «ከሳቸው የመጣ ስለሆነ ያው የሳቸው ነው። ሳይነገራቸው መደቡ ላይ ቢያገኙት ብዬ ነው።» ልብስ ሰፊዋ አንዴ ቀና ብላ አየቻት። ሰውን በዓይኗ የመለካት ልማድ አላት። ከሁሉም ወፍራም ወፍራሙን መርጣ ባሮጌ ከረጢት ሞላችላት።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ከረጢቱን ታንከሩ ጀርባ ትሸጉጠዋለች፤ ሽማግሌው ያገኙታል፤ አበባው ይተከላል፤ ነገሩ ይረሳል። ባሏም «በቃ ተገኘ» ብሎ የአረጋውያኑን ቤት ጉዳይ ይተዋል። መንገዱን ሙሉ ነገሩን ስታገላብጠው የጎደለ አልታያትም። ሸጎጠችው። ምሳ ሠራች። ሰላጣውን ስትከታትፍ በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንጎራጎረች።

ከምሳ በኋላ የባሏ እህት መጣች። ነርስ ናት፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ ሳትተኛ ስለመጣች ዓይኗ ደፍርሷል። ሳሎን ተቀመጡ። ነርሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች፤ ባሏ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ማን እንደሚጀምር አልታወቀም። ይህን ጊዜ ጋሽ ፊደል ከጓሮ ገቡ። ከረጢቱን ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል። ፊታቸው በርቷል።

«አገኘኋቸው» አሉ። «ታንከሩ ጀርባ። ደህና ናቸው፣ አንዳቸውም አልደረቁ። እንዲያውም ተከፋፍለው፣ አመድ ተደርጎባቸው ነው ያሉት።»

ባሏ እህቱን አየ። «አየሽ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ከፋፍሎ፣ አመድ ነስንሶ፣ ሸጉጦ ረስቶታል።»

እሷ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሠራችውን ያኔ ነው ያየችው። ያዳነቻቸው መስሏት የመጨረሻውን ማስረጃ በገዛ እጇ አቅርባለች። የሽማግሌው ፊት ላይ የነበረው ብርሃንም ሲሄድ አየችው። «ታንከሩ ጀርባ ፈልጌ ነበር» አሉ ጋሽ ፊደል። «ማክሰኞ መሰለኝ። አልነበረም።» ትንሽ አሰቡ። «ወይም የፈለግሁ መስሎኝ ነው።» ከረጢቱን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ወንበር ላይ ዝቅ አሉ። «እሺ» አሉ ወደ ባሏ ዞረው። «ልትነግሩኝ የመጣችሁትን ገምቻለሁ። የት ነው ቦታው? ሰው ይጠብቀኛል? እዚያ ምድጃ የሚባል ነገር አይኖርም አይደል? ሰው ሳቃጥል እንዳልገኝ ነው የምፈራው።»

ነርሷ ፊቷን አዞረች። ባሏ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች እሷ።

ትሪውን የት እንደምታስቀምጠው አጥታ እንደያዘችው ነው የተናገረችው። «ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ እርስዎ ጥርስዎን ሊታዩ ሲሄዱ እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠኋቸው። እነዚህ ዛሬ ከልብስ ሰፊዋ ያመጣኋቸው ናቸው። ታንከሩ ጀርባ ያስቀመጥኳቸውም እኔ ነኝ። እርስዎ የረሱት ምንም ነገር የለም።»

ባሏ «ምን አልሽ?» አለ፤ መልስ ፈልጎ ግን አልነበረም። ነርሷ ተነስታ ትሪውን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ለእሷ አዝና ሳይሆን ብርጭቆዎቹ መንቃጨል ስለጀመሩ ነው። ጋሽ ፊደል ግን አንድ የተጣመመ መስመር እንደሚያስተካክል ሰው ግንባራቸውን ቋጥረው ነገሩን ቃል በቃል ያዩታል።

«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«ምድጃውስ? ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቅሽ ነበር።»

«ሁልጊዜም አጥፍተውት ነበር ጋሼ። አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።»

«አንድም ቀን» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡ። ጮክ ብለው ቢሰድቧት፣ ቢያንስ ቢነቅፏት ትሻ ነበር። መሐረቡን ዓይናቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪረጋ ድረስ ቆዩ፤ እሷም ዓይኗን የትም ማድረግ ስላልቻለች አየቻቸው። ባሏ ተነስቶ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም...» ሲል እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። «አንተ አልዋሸህም» አሉት። «ግን ማመኑ አልከበደህም።» ባሏ እንደ ተገሠጸ ተማሪ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ወደ ነርሷ ዞሩ። «አንቺ ጋ መተኛ አለ?»

«አልጋ አለ እንጂ ጋሼ፤ አንተ ብቻ ናልኝ።»

«ፎቅ ላይ ነው ብለሽኛል። አፈር የለውም።»

«በረንዳ ብቻ ነው ያለው።»

«ስለዚህ እነዚህ እዚህ መተከል አለባቸው» አሉና ከረጢቱን አንስተው ወጡ። እሷ ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም፤ ግን ተከትላቸው ወጣች። መደቡ ጋ ደርሰው «አካፋውን አምጪ» ሲሏት በጎ ቃል ያናገሯት ያህል ሮጣ አመጣች። ጉድጓዱን እሳቸው ያሳያሉ፣ እሷ ትቆፍራለች። አንዱን ሥር ወደ ብርሃን አንስተው ዓይኑን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ «ይኼ ወደ ላይ» አሉ። አስቀመጠች። አፈር መለሰች። «መደገፊያ ዱላውን አሁኑኑ ትከይ፤ ካደገ በኋላ ብትተክይ ሥሩን ትወጊዋለሽ።» ዱላ ተከለች። «ቡቃያው ሳይታይ ውሃ አታብዢ። ቀንድ አውጣ እንዳይበላው ማታ ማታ እይው።» ድምፃቸው ላይ ቁጣም ይቅርታም የለም፤ ተለማማጅ እንደሚያስተምር ሠራተኛ ነው የሚናገሩት። ሌላ አማራጭ ስለሌላቸው አደራውን ለእሷ እየሰጡ እንደሆነ ገባት፤ ከስድብ ሁሉ ይህ ከበዳት። ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አፈር ሳታራግፍ «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ጋሽ ፊደል እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እሱን ትንሽ ቆዪው» አሉ። «መጀመሪያ ራሴን ልመነው። ጠዋት ስነሳ 'ይኼን አድርጌያለሁ' ብዬ ሳልጠራጠር ልዋል። ከዚያ በኋላ እንነጋገር ይሆናል።»

ሻንጣቸውን ነርሷ አዘጋጀችላቸው። መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩ። ባሏ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሊላቸው ሲሞክር ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ሲሸኙት እንዲህ ያደርጉት ነበር ይባላል። መኪናው ኩርባው ላይ እስኪሰወር ባልና ሚስት በሩ ላይ ቆሙ። እሷ ባሏ እንዲጮህባት ጠበቀች። ሳምንቱን ሙሉ የተንከባለለው ነገር ሁሉ አሁን ራሷ ላይ ይወርዳል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ቆመች።

«የአረጋውያኑን ቤት ቦታ የያዝኩት አበባው ከመጥፋቱ በፊት ነው» አለ ባሏ።

ዞራ አየችው። እሱ መንገዱን ነው የሚያየው።

«ካለፈው ወር ጀምሮ። ክፍሏን ላከራያት አስቤ ነበር። ለጋሼ ምን ብዬ እንደምነግረው ነው ያጣሁት። አበባው ሲጠፋ...» ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። «ደስ ነው ያለኝ። ደስ አለኝ፣ ገባሽ?»

ይህን ሲነግራት የሚቀልላት መስሎት ይሆናል። አልቀለላትም። ጥፋቱ ለሁለት ሲካፈል ያንሳል ብላ ብታስብም፣ እያንዳንዱ ድርሻ እንደ ሙሉው ከብዶ አገኘችው። ልታጽናናው አልቻለችም፤ ልትወቅሰውም አፍ የላትም። እሱም እንደዚያው። ፀሐይዋ ከግንቡ ማዶ ወርዳ ግቢው መቀዝቀዝ ጀምሯል። ኩሽና ውስጥ ያልታጠበ ሳህን አለ፤ ነገ ሥራ አለ፤ የኋላዋ ክፍል በር ደግሞ ገርበብ እንዳለ ነው። መግባት ነበረባቸው። አንዳቸው ሌላው እስኪቀድም እየጠበቁ በሩ ላይ ቆዩ።